ቤቱ እየመታ የሚሰናከል ግጥም እንዴት ይቃናል? አራት ስንኝ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው

ግጥም መጻፍ የጀመሩ ሰዎች ስንኞቻቸውን ሲያሳዩኝ የሚያስከትሉት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቤቱ ይመታል፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ይሰናከላል። ምን ጎደለው?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በቃል ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን መልሱን በቅደም ተከተል ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ እርስዎም እርሳስዎን ይዘው አብረውኝ ይሥሩ።

ለማሳያ እንዲሆኑ ሁለት የተበላሹ ስንኞች ጽፌያለሁ፦

የአባቴ ከዘራ በጣም ያሳዝናል፣
ከበሩ ጀርባ ላይ ብቻውን ቆሟል።

ሁለቱም ስንኞች በ«ል» ያበቃሉ፤ ቤቱ መትቷል። ጮክ ብለው ሲያነቡት ግን ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻው ላይ እግሩ እንደታጠፈ ሰው ድንገት ይወድቃል። ከዚያም በላይ ስንኞቹ አንባቢውን ምንም አላሳዩትም፤ «እዘን» ብለው አዘዙት እንጂ። እነዚህን ሁለት ስንኞች እንደ ጥሬ ዕቃ ይዘን እየፈታን እየቋጠርን፣ በመጨረሻ አራት የተቃኑ ስንኞች እናወጣለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እርሳስ፣ ላጲስና ወረቀት። በስልክ ወይም በኮምፒውተር የተሰረዘ ቃል ከዓይን ይጠፋል፤ በወረቀት ላይ የተሰረዘው ግን ከሥሩ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ቃል ቀድሞ የተሰረዘው ሆኖ ይገኛል።
- ድምፅ መቅጃ። የስልክዎ ይበቃል። ዓይን የራሱን ጽሑፍ ይምራል፤ ጆሮ አይምርም።
- የአማርኛ መዝገበ ቃላት። በተለይ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ያስፈልግዎታል።
- ግጥሙን ከዚህ በፊት ያላየ አንድ አንባቢ።
- በሩን ዘግተው ጮክ ብለው የሚያነቡበት ቦታ። ግጥም በለሆሳስ አይሠራም።

ከመጀመርዎ በፊት፦ አምስት ቃላት

አንዱ ሙሉ መስመር *ስንኝ* ይባላል። ስንኙ መሃሉ ላይ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ አለው፤ ከዚያ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለት ክፍሎች *ሐረግ* ናቸው። በአንድ የአፍ እንቅስቃሴ የሚወጣው ትንሹ የድምፅ ክፍል *ቀለም* ነው። ስንኙ የሚያርፍበት የመጨረሻ ፊደል *ቤት* ይባላል፤ የሁለት ስንኞች ቤት ሲገጥም «ቤት መታ» እንላለን። አብረው የቆሙ ስንኞች ደግሞ *አንጓ* ወይም *አርኬ* ይባላሉ። ለዚህ ሥራ ሌላ ስም አያስፈልግዎትም፤ የቀረውን በመንገድ ላይ እናገኘዋለን።

1. ሐሳብ ሳይሆን ዕቃ ይምረጡ

«ስለ ናፍቆት ልጻፍ» ብለው አይነሡ። ናፍቆት አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ አንባቢው ከራሱ ኪስ አውጥቶ እንዲሞላው ያስገድደዋል። ናፍቆቱ የተቀመጠበትን አንድ የሚዳሰስ ነገር ይፈልጉ። በእኛ ምሳሌ ይህ ነገር ከዘራ ነው። ከዘራ ቁመት አለው፣ ይደገፋል፣ ይወድቃል፣ የሚይዘው እጅ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ በኋላ ቃል ሆነው ያገለግሉናል። ከ«ናፍቆት» ግን ምንም አይቀዳም።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ የመረጡት ነገር በእጅ ሊነካ ይችላል? ካልተቻለ ሌላ ይፈልጉ።

2. መጀመሪያ በስድ ንባብ ይጻፉት

ስንኝ ለመቋጠር አይቸኩሉ። ሊሉት የፈለጉትን በሁለት ወይም በሦስት ተራ ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ፦

«አባቴ ከሞተ በኋላ ከዘራው ከበራችን ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። የሚይዘው እጅ የለም። እኛ ልጆቹ ግን ስሙን ለማስጠራት ቆመናል።»

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ምጣኔ (የስንኙ የቀለም ብዛትና አከፋፈል) እና ቤት ሲያስቸግሩ ጸሐፊው ሳያውቀው ሐሳቡን ይለውጣል፤ «ራ» ፍለጋ ሄዶ ያላሰበውን ተራራ ይወጣል። የስድ ንባቡ ጽሑፍ ጎንዎ ካለ ከመንገድ የወጡበትን ቦታ ወዲያውኑ ያዩታል።

3. ምጣኔ ይምረጡ

በአማርኛ ግጥም የተለመዱ የምጣኔ ዓይነቶች ብዙ ናቸው። ለጀማሪ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል።

- *የወል ቤት፦* እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም ኖሮት በ6 እና በ6 ይከፈላል።
- *ሰንጎ መገን፦* 10 ቀለም፣ በ5 እና በ5። ለምሳሌ «ከዘራው ቆሟል፣ ከበሩ ጀርባ»።
- *የፀጋዬ ቤት፦* 16 ቀለም፣ በ8 እና በ8። ስያሜው ከባለቅኔው ከጸጋዬ ገብረ መድኅን የመጣ ነው።

ለመጀመሪያ ሥራዎ የወል ቤትን ይምረጡ። ስሙ እንደሚለው የሁሉም ነው፤ ጆሮዎ ሳያውቀው ለምዶታል፤ ስድስት ቀለም ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ሳይጨናነቅ ይወጣል። የፀጋዬ ቤት ሰፊ ስለሆነ ለትረካ ይመቻል፤ ያልለመደ እጅ ግን ስፋቱን በትርፍ ቃል ይሞላዋል።

4. ቀለሙን በአፍ ይቁጠሩ

ከጠያቂዎቼ አብዛኞቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ፊደል ይቆጥራሉ። ፊደል ደግሞ ለዓይን የተጻፈ ነው፤ ግጥም የሚመጠነው በአፍ ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ይዩ፦

አይወድቅም፦ ስድስት ፊደል
ከዘራ፦ ሦስት ፊደል

አሁን ጮክ ብለው እየቆራረጡ ይበሏቸው። «አይ - ወድ - ቅም»። «ከ - ዘ - ራ»። ሁለቱም ሦስት ሦስት ቀለም ናቸው። በወረቀት ላይ አንዱ የሌላው እጥፍ የሆነ ቃል በአፍ ውስጥ እኩል ይመዝናል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ባሉት ፊደላት፣ ከሳድስ በቀር፣ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቀለም ነው። አናባቢው ሁልጊዜ ይሰማልና አያታልልም።

ለ. ሳድስ ሁለት ጠባይ አለው። አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይነገራል፤ አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ተለጥፎ ይዘጋዋል። በ«ልጆቹ» ውስጥ «ል» ራሱን የቻለ ቀለም ነው፤ በ«መንገድ» ውስጥ ግን «ን» እና «ድ» ተለጣፊ ስለሆኑ አራቱ ፊደል ሁለት ቀለም ብቻ ይሆናል፦ መን - ገድ።

ሐ. መጥበቅና መላላት ቁጥሩን ሊለውጥ ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። «ይጠብቃል» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። «ገመዱ ይጠብቃል» ሲሉ «ብ» ላልቶ ይነበባል፦ ይ - ጠብ - ቃል፣ ሦስት ቀለም። «ዘበኛው ይጠብቃል» ሲሉ ግን «ብ» ይጠብቃል፤ ግማሹ «ጠ»ን ዘግቶ ግማሹ አዲስ ቀለም ይከፍታል፦ ይ - ጠብ - ብ - ቃል፣ አራት ቀለም። ፊደሉ አልተለወጠም፤ ቁጥሩ ተለወጠ።

መ. ሁለት አናባቢዎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። «የአባቴ» አራት ፊደል ነው፤ በንግግር ግን «ያ - ባ - ቴ» ተብሎ ሦስት ይሆናል።

በእነዚህ ደንቦች የተበላሹትን ስንኞች እንመርምር። በጣትዎ ጠረጴዛውን እየመቱ ያንብቡ፤ አንድ ምት ለአንድ ቀለም።

ያ - ባ - ቴ - ከ - ዘ - ራ / በ - ጣም - ያ - ሳ - ዝ - ናል (6 / 6)
ከ - በ - ሩ - ጀር - ባ - ላይ / ብ - ቻ - ውን - ቆ - ሟል (6 / 5)

የመጨረሻዋ ሐረግ አንዲት ቀለም ጎድላታል። ጆሮ በመጀመሪያው ስንኝ ስድስት ተሰጥቶት ስድስት ጠብቆ ነበር፤ አምስት ሲሰጡት ደረጃ እንደጎደለበት መሰላል ሆነበት። ጠያቂዎቼ «ይሰናከላል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* የጎደለውን ቀለም በሙሌት አይሸፍኑ። «ብቻውን እኮ ቆሟል» ብለው «እኮ»ን ቢወትፉ አሁን ደግሞ ሰባት ሆኖ ይተርፋል። ቁጥሩ ቢሞላ እንኳ ሥራ የሌለው ቃል ከስንኙ መሃል ቆሞ ይታያል። «እኮ»፣ «ደግሞ»፣ «እንዲያው»፣ «ላይ» የሚሉት ቃላት ትርጉም ሳይጨምሩ ቦታ ከያዙ ሙሌት ናቸው። በእኛ ስንኝ «ከበሩ ጀርባ ላይ» ሲል «ላይ» ምን ይሠራል? ስድስተኛ ቀለም ከመሆን በቀር ምንም። «ከበራችን ጀርባ» ብንል ቁጥሩ ስድስት እንደሆነ ይቆያል፤ በምትኩ «-ችን» አዲስ ነገር ይዞ ገባ፦ መኖሪያ ቤቱ የብዙዎች ነው፤ የሟቹ ቤተሰብ አለ። ሙሌት ሲወጣ ሁልጊዜ ለአንድ የሚሠራ ቃል ቦታ ይለቃል።

እንቀጥል። ከስድ ንባቡ «ግድግዳ ተደግፎ» የሚለውን ወስጄ ቆጠርሁት፦ ግድ - ግ - ዳ - ተ - ደግ - ግ - ፎ። ሰባት ነው፤ አንድ ይተርፋል። «ተደግፎ»ን በ«ተጠግቶ» ለወጥሁት፦ ተ - ጠግ - ቶ። አሁን ስድስት ሆነ፦

ከበራችን ጀርባ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣

5. ቤቱን ይምቱ

ቤት ሲመታ የመጨረሻው ፊደል ድምፅ ከነአናባቢው መመሳሰል አለበት። «ቶ» ከ«ቶ»፣ «ራ» ከ«ራ» ይገጥማል፤ «ራ» ከ«ሪ» አይገጥምም። መስፈርቱ እዚህም አፍ ነው። «ነፍሱ» እና «ንጉሡ» በፊደል ይለያያሉ፤ በአፍ አንድ ስለሆኑ ቤት ይመታሉ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው ናቸው።

በሳድስ የሚያልቅ ቃል ላይ ቤት ሲመቱ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያድርጉ። ሳድሱ ተለጣፊ ስለሆነ የራሱ አናባቢ የለውም፤ ድምፁን የሚሸከመው ከፊቱ ያለው ፊደል ነው። ስለዚህ «መንገድ» ከ«ዘመድ» ጋር ያምራል፤ ከ«ጉድ» ጋር ግን «ድ» ቢኖርም ጆሮ አይረካም።

ሌላው የአማርኛ ፈተና ከዓረፍተ ነገሩ አሠራር የሚመጣ ነው። አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ ያመጣል። ግሦች ደግሞ መጨረሻቸው ተመሳሳይ ነው፦ ያሳዝናል፣ ቆሟል፣ ይበላል፣ ይመጣል። በእነዚህ ቤት መምታት ምንም ድካም አይጠይቅም፤ ስለዚህም ጆሮን አያስደስትም። አንባቢው የመጀመሪያውን «-ል» ሲሰማ ሁለተኛውን ቀድሞ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ግሥን ከስም ጋር ማጋጠም ነው። አንዱ ስንኝ በግሥ ሲያልቅ ሌላው በስም ይለቅ፤ የድምፅ መመሳሰሉ ድንገተኛ ይሆናል።

ስም ወደ መጨረሻ ለማምጣት የቃላቱን ተራ መገልበጥ ይኖርብዎታል። «ከዘራ አይወድቅም» የነበረው «አይወድቅም ከዘራ» ይሆናል። ግጥም ይህን ይፈቅዳል፤ ግን በነጻ አይደለም። መጨረሻ የተቀመጠ ቃል ከሁሉም በላይ ይሰማልና የተገለበጠው ቃል ያንን ክብር የሚገባው ይሁን። ለቤት ሲባል ብቻ ተራ ቃል ወደ ጫፍ ከተጎተተ አንባቢው ገመዱን ያየዋል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል፦

- ከአራቱ ስንኞች ዋነኛ የሆነውን ቃል ይለዩ። የእኛ «ከዘራ» ነው። የመጨረሻው ስንኝ ቤት ይሁን።
- በ«ራ» የሚያልቁ ቃላትን ሳይመርጡ ይዘርዝሩ፦ አደራ፣ መከራ፣ ሥራ፣ ተራራ፣ ጎራ፣ ጠራ፣ ልናስጠራ።
- እያንዳንዱን ከስድ ንባቡ ጋር ያስተያዩ። «ተራራ» እና «ጎራ» ከነገሩ ውጪ ናቸው። «መከራ» ደግሞ ያንኑ «በጣም ያሳዝናል» ያለውን ስሕተት ይመልሳል። «አደራ» ሳበኝ፤ ግን በስድ ንባቡ አደራ የሰጠ ሰው የለም። «ልናስጠራ» ስድ ንባቡ ውስጥ አለ፤ ግሥ ስለሆነም ከስሙ ከ«ከዘራ» ጋር በደንብ ይገጥማል።
- ከተመረጠው ቃል ወደ ኋላ ይጻፉ። «ስሙን ልናስጠራ» ስድስት ቀለም ሆነ፤ ከፊቱ «ልጆቹ ቆመናል» ገባ፣ እሱም ስድስት።

በዚሁ መንገድ ለ«ተጠግቶ» ጓደኛ ስፈልግ «አጥቶ»ን አገኘሁ። ሁለቱም ግሦች ናቸው፤ ተቀበልኋቸው፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ጥንድ በስም ስለሚያልቅ አንጓው ሚዛኑን ይጠብቃል።

6. አንድ ዘይቤ ብቻ ይምረጡ

ዘይቤ ነገሩን ከተራ አነጋገር አውጥቶ በሌላ ነገር የሚያሳይ ስልት ነው። ያንኑ ከዘራ በተለያየ ዘይቤ ስንናገረው ምን እንደሚሆን ይመልከቱ፦

- *ተነጻጻሪ፦* «ከዘራው ወላጅ እንደሌለው ልጅ ቆሟል።» እንደ፣ ያህል፣ ይመስል በሚሉ ቃላት ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ።
- *ተለዋጭ፦* «ከዘራው ወላጅ የሌለው ልጅ ነው።» «እንደ» ጠፋ፤ አንዱ ነገር ሌላውን ሆነ። ከተነጻጻሪ ይጠነክራል፤ ካልተሳካ ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል።
- *ሰውኛ፦* «ከዘራው መዳፉን ናፈቀ።» ግዑዙ የሰው ጠባይ ወሰደ።
- *እንቶኔ፦* «አንተ ከዘራ፣ ጌታህ የት ሄደ?» መልስ የማይሰጥ ነገር ወይም በቦታው የሌለ ሰው ይጠራል።
- *ግነት፦* «እንባችን ቤቱን አጥለቀለቀው።» ከልክ ያለፈ አነጋገር።
- *አያዎ፦* «ዝምታው ጮኸብን።» የሚጣረሱ ሁለት ነገሮች አንድ እውነት ይናገራሉ።

ሁሉንም በአራት ስንኝ ውስጥ ለመክተት የሚቃጣዎት ከሆነ እባክዎ ይታገሡ። እያንዳንዱ ዘይቤ አንባቢውን አንድ ሥዕል እንዲሥል ይጠይቀዋል፤ ከዘራው በአንድ ትንፋሽ ልጅም፣ ናፋቂም፣ ተጠሪም ከሆነ ሥዕሎቹ ይሻሻራሉ። እኔ ሰውኛን መረጥሁ፤ እሱንም አለሳልሼ። «ናፈቀ» የሚለውን ግሥ ተውሁት፤ ስሜቱን ስለሚያውጅ። ከዘራው ያጣውን ነገር ብቻ ጠቀስሁ፦

የአባቴ ከዘራ፣ ቀረ መዳፍ አጥቶ፤

«እጅ» ሳይሆን «መዳፍ» ያልሁት ከዘራ የሚጨበጠው በመዳፍ ስለሆነ ነው። ጠባብ ቃል ከሰፊ ቃል ይበልጣል፤ አንባቢው የሚያየው ነገር ይጨምራልና።

7. ኅብረ ቃል ካገኙ ሰምና ወርቅ ይሥሩ

ይህ ደረጃ ግዴታ አይደለም። ቃሉ በራሱ ካልመጣ አይታገሉት፤ ሲመጣ ግን አይለፉት።

ኅብረ ቃል ማለት በአንድ አጻጻፍ ሁለት ትርጉም የሚሸከም ቃል ነው። ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም *ሰም*፣ ውስጥ የተቀመጠው *ወርቅ* ይባላል። «ከዘራ» ሲቆሙበት መደገፊያ ነው፤ ሲሰነጥቁት ግን «ከ - ዘራ» ይሆናል፤ ዘር ዘርቶ ከሆነ። ልጆች ትቶ የሞተ አባት ዘርቷል። ስንኙ ይኸውና፦

ጌታው እንኳ ቢሞት፣ አይወድቅም ከዘራ።

ሰሙ፦ ባለቤቱ ቢሞትም መደገፊያው ግድግዳውን ተጠግቷልና አይወድቅም። ወርቁ፦ አባወራው ቢሞትም ልጅ ከዘራ አይወድቅም፤ በልጆቹ ቆሟል።

ኅብረ ቃሉ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ስንኙ በሁለቱም ንባብ በሰዋስው የተስተካከለ ይሁን። «አይወድቅም» የሚለው ግሥ ለመደገፊያውም ለሰውየውም በሦስተኛ መደብ ስለሚያገለግል ሁለቱን ይሸከማል፤ «አትወድቅም» ቢሆን ኖሮ ወርቁ ይፈርስ ነበር። ሁለተኛ፣ ሰሙ ብቻውን ሙሉ ይሁን፤ ወርቁን ያላገኘ አንባቢም ባዶ እጁን አይመለስ። ሦስተኛ፣ ወደ ወርቁ የሚያመራ ፍንጭ ከፊት ይቀመጥ። የእኛ ፍንጭ «ልጆቹ ቆመናል» ነው፤ ያለ እሱ «ዘራ»ን የሚፈልግ ሰው አይኖርም። ፍንጩ የሚበዛበት ጊዜም አለ። «ዘሩ ነን» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ወርቁ ሳይቆፈር ይወጣ ነበር።

*ማስጠንቀቂያ፦* መጥበቅና መላላትን ይፈትሹ። መደገፊያው «ከዘራ» ራው ላልቶ፣ «ዘራ» ደግሞ ራው ጠብቆ ይነበባል። ጽሑፍ ይህን ልዩነት ስለማያሳይ ለኅብረ ቃል ያመቻል፤ ጮክ ብለው ሲያነቡ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንብዎታል። አላልተው ያንብቡ። ሰሙ መጀመሪያ ይሰማ፤ ወርቁን አድማጩ ራሱ ያውጣው።

8. ድምፁን ያዳምጡ

ከቤት ውጪም በስንኝ ውስጥ የሚደጋገሙ ድምፆች አሉ። «ግድግዳ ተጠግቶ» በሚለው ሐረግ «ግ» ሦስት ጊዜ ትመጣለች፤ እንጨት ግድግዳ ሲነካ የሚሰማ ነገር አላት። ይህን አስቤ አልጻፍሁትም፤ ሳነበው ግን አገኘሁትና እንዳይጠፋ ጠበቅሁት። እርስዎም በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ ድግግሞሹን አይፈብርኩ፤ ሲያገኙት አይሰርዙት።

9. ለሌላ ሰው ሰጥተው ያስነብቡ

አሁን አራቱ ስንኞች ቆመዋል፦

ከበራችን ጀርባ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣
የአባቴ ከዘራ፣ ቀረ መዳፍ አጥቶ፤
ልጆቹ ቆመናል፣ ስሙን ልናስጠራ፣
ጌታው እንኳ ቢሞት፣ አይወድቅም ከዘራ።

መጀመሪያ ራስዎ ቀድተው ያዳምጡ። ከዚያ ወረቀቱን ላላየው ሰው ይስጡና ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይጠይቁ። እርስዎ እርሳስ ይዘው ዝም ይበሉ። የሰውየው ድምፅ በተሰናከለበት ቦታ ሁሉ ምልክት ያድርጉ። ምንም አያስረዱ፤ «እዚህ ጋ እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ካሉ ፈተናው ተበላሸ፤ ከግጥሙ ጋር ወደ እያንዳንዱ አንባቢ ቤት መሄድ አይችሉምና። ከዚያ እንደገና ያስነብቡት። በሁለተኛው ንባብም እዚያው ከተሰናከለ ጥፋቱ የስንኙ ነው፤ ወደ አራተኛው ደረጃ ይመለሱ።

እንደ «ይጠብቃል» ያለ ሁለት ንባብ ያለው ቃል ካለዎት በተለይ ያስተውሉ። አንባቢው አላልቶ ካነበበው አንድ ቀለም ይጠፋል። የቃሉን ንባብ የሚወስነው ፍንጭ ከቃሉ በፊት ይምጣ፤ በኋላ የመጣ ፍንጭ አፍ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው።

10. ርእሱን መጨረሻ ላይ ይስጡ

ይህን ግጥም «ከዘራ» ብዬ ብሰይመው ኅብረ ቃሉ ገና ሳይደርስ ይጋለጣል፤ ዓይን ቃሉን ስለለመደው በመጨረሻው ስንኝ ሳይቆም ያልፈዋል። «የአባቴ ሞት» ብለውም ሁለተኛው ስንኝ ቀስ ብሎ የሚናገረውን ርእሱ ቀድሞ ይናገረዋል። «ከበሩ ጀርባ» ብየዋለሁ። ቦታውን ያሳያል፤ ያለውን ነገር አይናገርም።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

*አንድን ቃል በራሱ ቤት መምታት።* «ቤት» ከ«ቤት» ጋር ይገጥማል፤ ግን ሁለተኛው ምንም አላመጣም። በሁለት የተለያየ ትርጉም ከሆነ ብቻ ይፈቀዳል፤ ያን ጊዜም ኅብረ ቃል ይሆናል።

*ምጣኔን መሃል ላይ መለወጥ።* ሦስት ስንኝ በ6፣ አራተኛው በ8 የሚጽፉ አሉ። ሆን ተብሎ ሲደረግ አንባቢውን ያነቃል። ሆን ተብሎ መሆኑን ማወቅ ከፈለጉ ራስዎን ይጠይቁ፤ ለምን እዚህ ስንኝ ላይ? መልስ ከሌለዎት ስሕተት ነው።

*ሐረጉን ቃል መሃል ላይ መቁረጥ።* 12 ቀለም ሞልቶ ስድስተኛው ቀለም በአንድ ቃል ሆድ ውስጥ ከወደቀ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ይጠፋል። ድምሩ ትክክል ሆኖ ስንኙ የሚያንከዋለለው በዚህ ምክንያት ነው። ሲቆጥሩ 12ን ሳይሆን 6ን ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ።

*የጥንት ቃል ለጌጥ መዋስ።* በግዕዝ ወይም በማይነገር አሮጌ ቃል የተሞላ ስንኝ ጥልቅ ይመስላል። ቃሉን በዕለት ንግግርዎ የማያውቁት ከሆነ መጥበቁንም መላላቱንም አያውቁም፤ ስለዚህ ቀለሙን በትክክል ሊቆጥሩት አይችሉም።

*ቤት ስለማይመታ ደንብ የለውም ብሎ ማሰብ።* ቤት የማይመታ ግጥምም ምት አለው፤ ስንኙ የሚቆረጥበት ቦታ የቤትን ሥራ ተረክቦ ይሠራል። ቤት መምታት ስላቃተዎት ወደዚያ አይሽሹ። መጀመሪያ ሃያ ያህል የወል ቤት ስንኞች ይቋጥሩ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን ሲተዉት የት ላይ መቁረጥ እንዳለብዎ ጆሮዎ ይነግርዎታል።

*ስንኝ አልቋጠር ሲል በዚያው ስንኝ ላይ መታገል።* ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ሐረግ ከ6 ወደ 7፣ ከ7 ወደ 5 ሲንከባለል ከቆየ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ከፊቱ ባለው ስንኝ ነው። ቤቱን የወሰነው እሱ ነውና። የፊተኛውን ስንኝ መጨረሻ ቃል ይለውጡና ዝርዝሩን ከአምስተኛው ደረጃ እንደ አዲስ ይጀምሩ።